ቁስን በሥራው እንመዝን



የዛሬው ንግግሬ ስለ ፖሊመር፣ ስለ ኮምፖዚትና ስለ ቁስ አመራረጥ ነው። እነዚህ ርዕሶች በምህንድስና ትምህርት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጡ ናቸው፤ ጉዳዩ ግን ከመማሪያ ክፍሉ ይሰፋል። ጎጆ የሚቀልስ፣ ጫማ የሚገዛ፣ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ወንበር ለማሠራት ገንዘብ የሚያዋጣ፣ በመሥሪያ ቤት ጨረታ የሚያወጣ ሁሉ ቁስ ይመርጣል። ስንመርጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንከተለው የቁሱን ዝና ነው። ብረት ከሆነ ዓይናችንን ጨፍነን እናምነዋለን፤ ፕላስቲክ ከሆነ ገና ሳናየው እንንቀዋለን። እኔ የምሟገተው ለአንድ ሐሳብ ነው፤ ሥራው ሳይታወቅ የቁስ ደግነትም ክፋትም አይታወቅም። ቁስ የሚመዘነው በሚሸከመው ጫና፣ በሚውልበት ሙቀትና ብርድ፣ ሥራውንም ከጨረሰ በኋላ በሚደርስበት ዕጣ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ዕቃ እንነሣ። በአገራችን ለዘመናት ውሃ ሲቀዳ የኖረው በእንስራ ነው። እንስራ በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ነው። በገላው ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚሰርገው እርጥበት ሲተን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ከባድ ነው፤ ከእጅ ካመለጠም ያበቃለታል። ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን አንድ ኪሎ ቢመዝን ነው። ቢወድቅ ይነጥራል እንጂ አይከሰከስም፤ ክዳን አለው፤ በአህያም በጀርባም ይጫናል። ውሃ ማቀዝቀዝ ግን አይሆንለትም። ታዲያ የትኛው ይሻላል? ውሃ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ እናት ክብደቱ ይበልጣል፤ ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ የመጠጥ ውሃ ቅዝቃዜው ይበልጣል። በጀሪካን ቀድቶ በእንስራ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ሁለቱን ሥራ ለይቶ ለየሥራው የሚስማማውን ቁስ ሰጥቷል። የቁስ አመራረጥ ሳይንስ ሥር እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ጀሪካኑ ውስጥ እንግባ። የተሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው። ኤቲሊን ሁለት የካርቦንና አራት የሃይድሮጂን አተሞች ያሉት ጋዝ ነው። የጋዙ ሞለኪውሎች በሺዎች እየተያያዙ አንድ ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ጋዝነታቸው ይቀርና ጠጣር ይሆናሉ። እንዲህ ከሚደጋገሙ ትናንሽ አካላት የተያያዘውን ግዙፍ ሞለኪውል ፖሊመር እንለዋለን። ፖሊመር በፋብሪካ ብቻ አይወለድም፤ ጥጥ፣ ሱፍ፣ ሐር፣ ቆዳ፣ በጤፍ ውስጥ ያለው ስታርች ሁሉ ፖሊመር ነው።

ይህ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ ግን ታላላቅ ኬሚስቶች አይቀበሉትም ነበር። ጎማና ጥጥን የመሳሰሉትን ነገሮች ትናንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው የፈጠሩት ክምችት አድርገው ያዩአቸው ነበር። ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነገሩ ክምችት ሳይሆን በእውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር የተያያዘ ረጅም ሞለኪውል ነው ብሎ ተከራከረ። ለዓመታት ተቃወሙት፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1953 በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ፖሊኤቲሊን ራሱ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር በአይሲአይ ኩባንያ ላብራቶሪ፣ ኤሪክ ፎሴትና ሬጂናልድ ጊብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኤቲሊንን ከሌላ ኬሚካል ጋር በከፍተኛ ግፊት ሲያሞቁ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር በዕቃው ውስጥ አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ ነገር ለራዳር ገመዶች መሸፈኛ ሆነ፤ ኤሌክትሪክን አጥብቆ ይከለክላል፣ ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል። በዚያ ዘዴ የሚሠራው ፖሊኤቲሊን ሰንሰለቶቹ ቅርንጫፍ ያበዛሉ። ቅርንጫፉ እንዳይጠጋጉ ስለሚያግዳቸው ቁሱ ለስላሳ ይሆናል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 0.92 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለስላሳ ፌስታል የሚሠራው ከዚህ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራ ማፋጠኛ ኬሚካል አገኘ፤ በዚህ ዘዴ የሚወጡት ሰንሰለቶች ቀጥ ያሉ ናቸው። ቀጥ ያለው ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ቁሱም ወደ 0.95 ግራም ይጠጋል፣ ይጠነክራል። ጀሪካን የሚሆነው ይህ ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ናታ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ፖሊፕሮፒሊንን በሥርዓት ሠራ፤ እህል የምንሞላበት ማዳበሪያ የሚሸመነው ከዚህ ነው። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ኖቤልን ተጋርተዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፌስታልና ጀሪካን ከአንድ ዓይነት አተም፣ ያውም በአንድ ዓይነት መጠን የተሠሩ ናቸው። አንዱን ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ሌላው ለዓመታት ውሃ ይሸከማል። ልዩነቱ ሰንሰለቶቹ በተደረደሩበት መንገድና ግድግዳው በተሰጠው ውፍረት ላይ ነው። ስለዚህ «ፕላስቲክ ነው» የሚለው ቃል ስለ ዕቃው ጥንካሬ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ይመጣል። የገጠር ሰው ለረጅም ዘመን የተጫማውን ኮንጎ ጫማና በረባሶን አስቡ። ኮንጎ ሲቀደድ የጋለ ብረት አስጠግቶ አቅልጦ ማጣበቅ ይቻላል። በረባሶ ግን ከመኪና ጎማ ተቆርጦ በምስማር ወይም በስፌት ይያያዛል። ጎማውን አቅልጦ በቅርጽ የሚያፈስ ባለሙያ የለም፤ ጎማ በእሳት ይነድዳል እንጂ አይቀልጥም። ሁለቱም ፖሊመር ሆነው ሳለ ለምን ተለያዩ? ኮንጎው ውስጥ ያሉት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው የተወሳሰቡ እንደ ልቃቂት ፈትል ናቸው፤ አልተቋጠሩም። ሲሞቁ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ቁሱ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ይህን ዓይነቱን ቴርሞፕላስቲክ እንለዋለን። ጎማው ውስጥ ግን ሰንሰለቶቹ በድኝ ተቋጥረዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር አሙቆ ይህን ቋጠሮ አገኘ፤ ከዚያ በፊት የተፈጥሮ ጎማ በበጋ የሚያጣብቅ፣ በክረምት የሚሰባበር ነገር ነበር። ቋጠሮው ጥንካሬውንና ተመልሶ መሰብሰቡን ሰጠው፤ ዳግም መቅለጥን ግን ነሣው። ያገለገለ ዕቃ የሚያድሱት የምን አለሽ ተራ ባለሙያዎች ጎማን በቢላ፣ ፕላስቲክን በእሳት የሚያበጁት ይህን የቁሱን ባሕርይ በእጃቸው ስለሚያውቁት ነው።

ሌላም የሙቀት ድንበር አለ። በሃይላንድ ጠርሙስ የፈላ ሻይ የቀዳ ሰው ጠርሙሱ ሲጨማደድ አይቷል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ጠርሙሱ የተሠራበት ፔት የተባለ ፖሊመር ግን በ75 ዲግሪ ገደማ ድርቀቱን ትቶ ይለሰልሳል። ጠርሙሱ በፋብሪካ ሲነፋ ተወጥረው የነበሩት ሰንሰለቶች ያን ጊዜ ነጻ ይወጡና ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይሰበሰባሉ። ይህ ጠርሙስ ለቀዝቃዛ ውሃ እጅግ የተመቸ ነው፤ ለትኩስ ነገር የተመረጠ ዕለት ጥፋቱ የመራጩ ነው።

ጥፋቱ በሻይ ብቻ የሚቆም አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ፈርሳ ሰባቱም ተሳፋሪዎች አልቀዋል። መነሻው የጎን ሮኬቶቹን መጋጠሚያ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት ነበር። ያ ማለዳ እጅግ የቀዘቀዘ ስለነበር ጎማው ተጨምቆ ከነበረበት ፈጥኖ መመለስ አቃተው፤ ትኩሱ ጋዝ በክፍተቱ ሾለከ። የሮኬቱን ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች ከዋዜማው ጀምሮ ቅዝቃዜውን አንሥተው አስጠንቅቀው ነበር፤ አልተሰሙም። በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን የዚያን ጎማ ቁራጭ በሕዝብ ፊት በረዶ ባለበት ውሃ ነክሮ ድክመቱን አሳየ። ቀለበቱ በሞቃት ቀናት ሥራውን ሠርቷል፤ ያን ቀን የተለወጠው የአየሩ ሁኔታ ነው። የቁስ ምርጫ ሁልጊዜ ከነሁኔታው እንደሚታይ ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ወደ ኮምፖዚት እንሻገር። ኮምፖዚት ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁሶች ማንነታቸውን ሳይለቁ ተጣምረው አንዳቸው ብቻቸውን የማይችሉትን የሚሠሩበት ነው። በአገራችን ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ይበቃል። ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ደግሞ ራሱን በራሱ ይስባል። ምራጊው ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ቆይቶ የሚቦካው ለዚህ ነው። ስንጥቅ ሲጀምር ከወዲያና ወዲህ የተቀበረ ጭድ ያገኘዋል፤ ጭዱ ሁለቱን ጎን ይዞ እንዳይሰፋ ያግደዋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ይሆን የነበረው በብዙ ደቃቅ ስንጥቆች ይበተናል፤ ግድግዳውም ይቆማል። ጭዱ ሲሳብ ይችላል፣ ጭቃው ጭዱን በቦታው ይይዛል፣ ከንፋስና ከእሳትም ይከልላል። አርማታም ሕጉ ያው ነው፤ ኮንክሪቱ መጫንን፣ ፌሮው መሳብን ይችላል።

ዘመናዊው ኮምፖዚት ያንኑ ሐሳብ በቀጫጭን ክሮች ይሠራዋል። የመስኮት መስታወት በቀላሉ ይሰበራል፤ ያው መስታወት ከፀጉር በቀጠነ ክር ሲወጣ ግን ለመሳብ የሚያስደንቅ ጉልበት አለው። እንግሊዛዊው አላን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ምክንያቱን አስረዳ፤ መስታወትን የሚሰብረው በገላው ላይ ያለ ጥቃቅን ጭረት ነው፤ በቀጭን ክር ላይ ደግሞ ትልቅ ጭረት የሚያርፍበት ቦታ የለም። ክሮቹ በሙጫ ሲያያዙ አንዱ ቢበጠስ ሙጫው ጫናውን ለጎረቤቶቹ ያስተላልፋል። ክሩ መስታወት ሲሆን ፋይበርግላስ፣ ካርቦን ሲሆን ካርቦን ፋይበር ይባላል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ማሳያ በሰማያችን ላይ ይበራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በመረከብ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆነ። የዚህ አውሮፕላን አካል በክብደት ግማሹ ኮምፖዚት ነው፤ 20 በመቶው አሉሚኒየም፣ 15 በመቶው ታይታኒየም፣ 10 በመቶው ብረት ነው። ካርቦን ፋይበር አይዝግም፤ በተደጋጋሚ መነፋትና መሟሸሽም እንደ አሉሚኒየም ቶሎ አይደክምም። ስለዚህ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲጠበቅ ተችሏል፤ በቀደሙት አውሮፕላኖች 2,400 ሜትር ድረስ ይደርስ ነበር። ተሳፋሪው ድካሙ የቀለለለት ከቁስ ምርጫ የተነሣ ነው። ታይታኒየሙም በዋዛ አልገባም፤ አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር በእርጥበት ሲነካካ ስለሚበላ በመጋጠሚያዎቹ ታይታኒየም ይመረጣል።

ይሁንና ኮምፖዚትም የራሱ ግብር አለው። የካርቦን ክር ጉልበቱ በራሱ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሉሆቹ በየማዕዘኑ እየተደራረቡ ይሠራሉ። እሳት ሲመጣም ጠባዩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ለንደን ሂትሮው ላይ ማንም ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የአየር መንገዳችን 787 ከጣሪያው አካባቢ ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች መነሻው የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያው መሣሪያ ባትሪ እንደሆነ አረጋገጡ፤ የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም እሳቱ በዝግታ እንዲቀጥል ነዳጅ የሆነው በኮምፖዚቱ ውስጥ ያለው ሙጫ እንደነበረም ጻፉ። ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም፤ የተቃጠለው ክፍል ተቆርጦ ተተክቶ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት ወደ ሥራ ተመለሰ። ይህ ኮምፖዚት መጥፎ ነው የሚል ትምህርት አይደለም። አዲስ ቁስ የመረጠ ሰው አዲስ የጥገና ዕውቀትና አዲስ ጥንቃቄ አብሮ መምረጡን ይወቅ የሚል ነው።

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ? በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ማይክል አሽቢ ለዚህ ሥርዓት ያለው መንገድ አበጅቷል። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው። ዕቃው የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የማይታለፍ ግዴታው ምንድን ነው? ከምንም በላይ እንዲቀንስ የምንፈልገው ክብደቱ ነው ወይስ ዋጋው? ቅርጹን ወይም ውፍረቱን ለመለወጥ ነጻነት አለን? የሚደንቀው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የቁሶቹን ደረጃ ከላይ ወደ ታች መገልበጡ ነው። በቁጥር ላሳያችሁ።

የብረት ግትርነት 210 ጂጋፓስካል ነው፣ ጥግግቱ 7.85 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር፤ የአሉሚኒየም 70 እና 2.7፤ እንጨት በዕድገቱ አቅጣጫ 10 እና 0.6 ገደማ። ዕቃው የሚሳብ ዘንግ ከሆነ የሚመዘነው ግትርነትን ለጥግግት በማካፈል ነው። ብረት 27፣ አሉሚኒየም 26፣ እንጨት 17 ያገኛሉ፤ ብረት ይመራል። ዕቃው የሚጎብጥ ወራጅ ወይም ተሸካሚ አግዳሚ ሆኖ ውፍረቱ በእጃችን ከሆነ ግን መለኪያው ይለወጣል፤ የግትርነት ስኩዌር ሩት ለጥግግት ይካፈላል። አሁን ብረት 1.8፣ አሉሚኒየም 3.1፣ እንጨት 5.3 ይሆናሉ። ተራ የሚባለው እንጨት በአንደኛነት ወጣ! ምክንያቱም ቀላል ቁስ በዚያው ክብደት ወፍራም ሆኖ መሠራት ይችላል፤ መጉበጥን የሚከለክለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ውፍረት ነው። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 የበረሩበትን አውሮፕላን ከእንጨትና ከጨርቅ የሠሩት ብረት አጥተው አልነበረም። በዚህ መለኪያ በአንድ አቅጣጫ የተደረደረ ካርቦን ፋይበር 7 ያልፋል፤ ዋጋው ግን ከእንጨት ጋር አይወዳደርም።

ይህ ስሌት ለእኛ ትልቅ ነገር ይናገራል። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። ቀርከሃ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ኮምፖዚት ነው፤ ጠንካራ ክሮቹ ወደ ውጪኛው ቅርፊት በርከት ብለው ተደርድረዋል፣ መሐሉ ባዶ ቧንቧ ነው፤ መጉበጥን ለመቋቋም የሚፈለገው ቅርጽ ይኸው ነው። በሲዳማ ቤት የሚሠሩ አባቶች ይህን ያለ ሒሳብ ደርሰውበታል። በእርግጥ የማይታለፉት ግዴታዎች ይጠይቁናል፤ ነቀዝና ምስጥ አለ፣ እርጥበት አለ፣ እሳት አለ። በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ማከም፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ መትከል፣ ጣሪያውን አስረዝሞ ከዝናብ መከለል ይቻላል። እነዚህ ተሠርተው ካልበቁ ሌላ ቁስ እንመርጣለን። «የድሃ ቤት ማገር ነው» ብለን ከዝርዝሩ ማውጣት ግን ምርጫ አይባልም።

ከአራቱ ሌላ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ ዕቃው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ምን ይሆናል? ፌስታል የሚሠራው ሥራ ከሱቅ እስከ ቤት ነው፤ ቁሱ ግን የተሠራው ላለመበስበስ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ የዘመናት ዕድሜ ላለው ቁስ ተሰጠ። ጀሪካኑን ቆራሌው ይገዛል፣ ተፈጭቶ ዳግም ዕቃ ይሆናል፤ ስስ ፌስታልን ግን ለመልቀም የሚወጣው ድካም ከዋጋው ይበልጣል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን የማይበሰብስ ከረጢት መከልከሉ በዚህ ምክንያት ትርጉም ይሰጣል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ክልከላው የተነሣው ከቁሱና ከሥራው አለመመጣጠን ነው፤ ፖሊኤቲሊንን ከነዘሩ መክሰስ አይገባንም።

ይኸው ጥያቄ በአሸጎዳና በአዳማ በተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎችም ላይ ተንጠልጥሏል። የነፋስ ተርባይን ክንፍ ፋይበርግላስ ነው፤ ሙጫው እንደ በረባሶው ጎማ ስለተቋጠረ አይቀልጥም። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 25 ዓመት ተብሎ ይታቀዳል፤ የአሸጎዳው ጣቢያ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ክንፎቹ ሲወርዱ ምን እንደሚሆኑ ለመወሰን ያለን ጊዜ ረጅም አይደለም። ተቆርጠው ለድልድይ ተሸካሚነት ይውሉ ይሆን? ተፈጭተው በሲሚንቶ ምድጃ ይገቡ ይሆን? ይህን ሊያጠኑ የሚችሉ ተማሪዎች ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ተቀምጠዋል፤ ጥያቄውን የሚሰጣቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምጠይቀው በነገው ሥራችሁ ልትፈጽሙት የምትችሉትን ነው። መምህራን ቁስን በስሙ ከማስጠናት አስቀድማችሁ ሥራውን አስጠይቁ፤ ተማሪው የሰፈሩን ወራጅ፣ የአባቱን ሞፈር፣ የእናቱን ጀሪካን ይመዝን፣ ያስላ። ተመራማሪዎች የቀርከሃችንን፣ የእንሰት ቃጫችንን ጥንካሬ ለክታችሁ ግንበኛ በሚገባው አማርኛና በአገር ቋንቋዎች ሁሉ አውጡት። ጨረታ የምታዘጋጁ ደግሞ ሰነዱ ላይ «የብረት» ወይም «የፕላስቲክ» ብላችሁ ከመጀመር፣ ዕቃው ስንት ኪሎ እንደሚሸከም፣ በስንት ዲግሪ እንደሚውል፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ሲያረጅ ማን እንደሚረከበው ጻፉ። እነዚህ አራት መስመሮች በየሰነዱ ቢገቡ፣ በየዓመቱ ተገዝቶ በየዓመቱ የሚጣለው ዕቃ ይቀንሳል፤ የአገር ገንዘብም የአገር መሬትም ይተርፋል።